ፈረሱ ተከትቧል፤ ለየትኛው?

እ.ኤ.አ. በ2020 መጋቢት ወር፣ ዓለም ሁሉ ጆሮውን ለኮሮና ሰጥቶ ሳለ፣ ታይላንድ ውስጥ ናኮን ራቻሲማ በሚባል ክፍለ ሀገር ፈረሶች በድንገት ይረግፉ ጀመር። የላቦራቶሪ ውጤቱ ሲመጣ በሽታው በዚያ አገር ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ሆኖ ተገኘ፤ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው። እስኪገታ ድረስ ከ500 በላይ ፈረሶች ሞቱ። ታይላንዶች ክትባት ያስመጡት ከደቡብ አፍሪካ ነበር። ክትባቱ እጃቸው ከገባ በኋላ ያደረጉት ነገር ግን ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። እያንዳንዱን ፈረስ ከመክተባቸው በፊት ደሙን መረመሩ፤ ከከተቡት በኋላ ደግሞ ትንኝ በማያሳልፍ መረብ በተሸፈነ በረት ውስጥ ለሳምንታት አቆዩት።

የተከተበ ፈረስ ለምን በመረብ ይሸፈናል? ክትባቱ ሊጠብቀው አልነበረም እንዴ? ይህን ጥያቄ ተከትሎ የሄደ ሰው ስለ ክትባት አሠራር ብዙ ያውቃል፤ ለዚህም ነው ወዳጆቼን ይዤ ልሂድበት የፈለግሁት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። ቫይረሱን ከፈረስ ወደ ፈረስ የምታደርሰው ኩሊኮይድስ የምትባል፣ ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ ደቃቅ ትንኝ ናት። የምትራባው እርጥብ አፈር፣ ጭቃና ፋንድያ ባለበት ሲሆን በብዛት የምትናከሰው ከፀሐይ መጥለቂያ እስከ ንጋት ነው። ሁለት ፈረሶች ከአንድ ግርግም ቢበሉ፣ ትንኟ ከሌለች የታመመው ጤነኛውን አያስይዘውም። በሽታው ክረምት አልፎ መሬቱ ገና ሳይደርቅ የሚበረታውም ስለዚህ ነው።

የሳንባው ዓይነት የያዘውን ፈረስ በቅርብ ያየ ሰው አይረሳውም። ትኩሳቱ ይነሣል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንፈርክኮ፣ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ አፍንጫውን ነፍቶ ይቆማል፤ ላብ ያጠምቀዋል። ሳንባው በፈሳሽ እየተሞላ ስለሆነ በመጨረሻ ከሁለቱ አፍንጫዎቹ ነጭ አረፋ ይወርዳል። ትንፋሽ ካጠረው በኋላ የሚቀረው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ሌላው ዓይነት ልብን የሚያጠቃው ነው። በዚህኛው ከዓይን በላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ሞልታ ታብጣለች፤ እብጠቱም ወደ ዓይን ቆብ፣ ወደ ጉንጭና ወደ አንገት ይወርዳል። ይህ ቀናት ይፈጃል፤ የሚተርፉም አሉ። በሳንባው ዓይነት ከተያዙ፣ በሽታውን ከዚያ በፊት ከማያውቁት ፈረሶች መካከል ግን ከ100 ከ90 በላይ ይሞታሉ። ፈውስ የሚሆን መድኃኒት የለም። በቅሎ ከፈረስ ይሻላል፤ አህያ አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል፤ የሜዳ አህያ ደግሞ ቫይረሱን በደሙ ይዞ ምንም ሳይመስል ይግጣል። በ1987 ስፔን ውስጥ የተነሣውና ለዓመታት የዘለቀው ወረርሽኝ የገባው ከናሚቢያ በመጡ የሜዳ አህዮች ነበር።

እንግዲህ መድኃኒት ከሌለ መከላከል ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ግን «ለፈረስ ክትባት አለ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙም አይመለስም። ክትባቱ የሚገጥመው ጠላት ጠባዩ ይለያያልና።

ቀላሉ ጠላት መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ ሐኪሞች ቴታነስ የሚሉት። ፈረስ ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ በሽታ እጅግ ተጋላጭ ነው። ኮቴው ውስጥ የገባ አንዲት ምስማር ወይም ልጓምና ኮርቻ የላጠው ቁስል በቂ ነው። የሚገድለው ባክቴሪያው የሚረጨው መርዝ ሲሆን መርዙ በየትም አገር፣ በየትኛውም ዘመን ያው አንድ ነው። ስለዚህ መርዙን አምክኖ ለፈረሱ መስጠት ይበቃል፤ ሰውነቱ አንድ ጊዜ ካወቀው፣ ወቅቱን ጠብቆ ማስታወሻ መርፌ እስከተሰጠው ድረስ ይጠበቃል። መርዝን በፎርማሊንና በሙቀት አምክኖ ክትባት የማድረጉን ዘዴ በ1920ዎቹ ያስፋፋው ጋስቶን ራሞን የሚባል ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። ራሞን በፓሪስ አቅራቢያ ጋርሽ በሚባል ቦታ ፈረሶችን ይከትብ ነበር። መርፌ የተወጉበት ቦታ ያበጠባቸው ፈረሶች ካላበጠባቸው ይልቅ ብዙ ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው እንደሚያመርቱ አስተዋለ። ሆን ብሎም ክትባቱ ላይ ታፒዮካ የሚባለውን የካሳቫ ዱቄት እየጨመረ ሞከረው፤ ሠራ። ዛሬ ለሰውም ለእንስሳም በሚሰጡ በርካታ ክትባቶች ውስጥ ያለው የክትባቱን ኃይል የሚያጎለብት ቅመም የተጀመረው እነዚያ ፈረሶች ቆዳ ላይ ነው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ለፈረስ ያለኝ አክብሮት ጨምሯል።

ሁለተኛው ጠላት መልኩን የሚቀያይረው የፈረስ ኢንፍሉዌንዛ ነው። እዚህ ላይ የትናንቱ ክትባት ለዛሬው ቫይረስ ላይበቃ ይችላል፤ የትኛው ዝርያ ክትባት ውስጥ መግባት እንዳለበት የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በየጊዜው ይመክሩበታል። አውስትራሊያ በ2007 ከውጭ ከገቡ ፈረሶች ጋር የመጣ ኢንፍሉዌንዛ ከለይቶ ማቆያ አምልጦባት የፈረስ እሽቅድምድሟ ለወራት ተቃውሷል። እንቅስቃሴ በመከልከልና በክትባት አጥፍተውታል፤ አገሪቱም ከበሽታው ነጻ ሆናለች።

ሦስተኛው ያ የትንኟ በሽታ ነው። የእሱ ቫይረስ ደግሞ አንድ ሳይሆን ዘጠኝ ዓይነት ነው።

ይህ የታወቀበት ታሪክ በኬፕ ይጀምራል። ሆላንዶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ያመጧቸው ፈረሶች በ1719 ወደ 1,700 ያህል አለቁ። በ1854 እና 1855 ደግሞ ወደ 70,000 የሚጠጉ ፈረሶች ሞቱ፤ ይህ በኬፕ ቅኝ ግዛት ከነበሩት ፈረሶች ከመቶ 40 ያህሉ ማለት ነው። በ1891 አርኖልድ ታይለር የሚባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ከስዊዘርላንድ መጣ፤ በኋላ በ1908 ፕሪቶሪያ አጠገብ የተከፈተውን የኦንደርስቴፖርት ላቦራቶሪ የመራውም እሱ ነው። ታይለር ከበሽታው ከተረፈ እንስሳ ሴረም (ጥርት ያለውን የደም ውኃ) ወስዶ ከታመመ ፈረስ ደም ጋር አንድ ላይ ይወጋ ነበር። ደሙ በሽታውን ሊያስተምር፣ ሴረሙ ደግሞ እንዳይገድል ሊያግት ነው። በበቅሎ ላይ በአመዛኙ ተሳካለት፤ በፈረስ ላይ ግን አደገኛ ነበር። ከዚህ የበለጠ ያስቸገረው ሌላ ነገር ነው፤ ታምሞ የዳነ፣ እንግዲህ አይነካውም የተባለ እንስሳ ከሌላ አካባቢ በመጣ ደም ሲወጋ እንደገና ይታመማል። ታይለር በሽታው ከአንድ በላይ ዓይነት እንዳለው የተረዳው በዚህ ነው።

ወንድ ልጁ ማክስ ታይለር በ1899 ፕሪቶሪያ ተወለደ። አድጎ አሜሪካ ሲገባ ያጠናው ፈረስን ሳይሆን የሰውን ቢጫ ወባ ነበር። በ1930 ያገኘው ነገር ይህ ነው፤ የቢጫ ወባ ቫይረስ በአይጥ አንጎል ውስጥ ደጋግሞ ሲተላለፍ፣ ጉበትና ሌሎች የሆድ ዕቃዎችን የመጉዳት ኃይሉ ይደክማል። ኦንደርስቴፖርት ይሠራ የነበረ አሌክሳንደር የተባለ ተመራማሪ ወዲያው ይህንን ዘዴ አንሥቶ በፈረስ በሽታ ቫይረስ ላይ ሞከረው። ከአንዱ አይጥ አንጎል ወደ ሌላው አይጥ አንጎል፣ መቶ ጊዜ ያህል አሸጋገረው። መጨረሻ ላይ የተገኘው ቫይረስ ፈረስን የማይገድል፣ ሰውነቱን ግን የሚያስተምር ሆነ። አባት ፈልጎ ያጣው መንገድ በልጅ ሥራ በኩል ተከፈተ። ማክስ ታይለር በ1951 ለቢጫ ወባ ክትባት ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ፈረሶቹ ግን ከእውቀቱ ተጠቃሚ ከሆኑ ድፍን ሃያ ዓመት ሊሆናቸው ነበር። በእኔ አስተያየት የክትባት ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚያምር የሰውና የእንስሳ ሕክምና መገናኛ የለም።

ዘዴው እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። አንጎል የለመደው ቫይረስ ክትባቱን ያመርቱ ከነበሩ ሠራተኞች ውስጥ አንዳንዶቹን አንጎላቸውንና ዓይናቸውን ጎድቷል፤ ስለዚህ በኋላ ምርቱ ከአይጥ አንጎል ወጥቶ በላቦራቶሪ በሚራቡ ሕዋሶች ላይ ሆነ።

ዘጠኙ የቫይረሱ ዓይነቶች ዘጠኝ ወንድማማቾች እንደማለት ናቸው። ዘበኛውን የአንዱን መልክ ብቻ አስጠንተን በር ላይ ብናቆመው ሌሎቹ በፊቱ ሊያልፉ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ግን ስለሚመሳሰሉ አንዱን ያወቀ ሌላውንም በከፊል ይጠረጥራል። የደቡብ አፍሪካው ክትባት የተሠራው በዚህ ስሌት ነው። በሁለት ብልቃጥ ይመጣል፤ በአንዱ ውስጥ ዓይነት 1፣ 3 እና 4፣ በሌላው ውስጥ ዓይነት 2፣ 6፣ 7 እና 8 ናቸው። 5 እና 9 የሉበትም፤ 8 ለ5፣ 6 ደግሞ ለ9 መከላከያ ይሰጣሉ ተብሎ ነው። ሁለቱ ብልቃጦች በአንድ ቀን አይሰጡም፤ በመካከላቸው ቢያንስ 3 ሳምንት ይተዋል። ሁሉንም ሕያው ቫይረሶች ባንድ ጊዜ ብንሰጠው አንዱ ሌላውን ተጋፍቶ ሰውነቱ ሁሉንም በወጉ ላያውቃቸው ይችላል። ስለዚህም በየዓመቱ ይደገማል።

አሁን ወደ ታይላንዱ መረብ መመለስ እንችላለን።

ክትባቱ ውስጥ ያለው ቫይረስ ደከመ እንጂ አልሞተም። ፈረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ በመጠኑ ይራባል፤ የክትባቱ ጉልበትም ከዚያ ነው የሚመጣው። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ትንኝ ፈረሱን ብትነክስ የክትባቱን ቫይረስ ይዛ ወደ ሌላ ልትሄድ ትችላለች። የዚህ ቫይረስ ዘር የተጻፈው ደግሞ በ10 የተለያዩ ቁርጥራጮች ላይ ነው። ሁለት የተለያዩ ቫይረሶች አንድ ሕዋስ ውስጥ ሲገናኙ ቁርጥራጮቻቸውን ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ከሁለት ደካሞች አንድ ብርቱ ሊወጣ ይችላል። ይህ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በደቡብ አፍሪካ ዌስተርን ኬፕ ከ2004 እስከ 2014 ከተነሡ ወረርሽኞች ውስጥ ከክትባት ቫይረስ የመነጩ እንደነበሩበት የዘር ምርመራ አሳይቷል። ስለዚህ በዚያ ክልል ክትባት የሚፈቀደው ትንኟ በምትመናመንበት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ታይላንዶች ደግሞ የሚጠብቁት ወቅት አልነበራቸውም፤ በሽታው መካከላቸው ነበር። መረቡ ትንኟ የክትባቱን ቫይረስ ይዛ እንዳትወጣ ያገደ ሁለተኛ መከላከያ ነበር። አስቀድመው ደም መመርመራቸውም በሽታው አስቀድሞ ያደረበትን ፈረስ ካልተያዘው ለመለየት ነው። ታይላንድ በ2023 ከበሽታው ነጻ መሆኗ ተረጋግጦላታል።

ይህን ሁሉ ሳነብ ሐሳቤ ወደ አገሬ መሄዱ አልቀረም። ኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች አሏት፤ በቅሎና አህያ ሲጨመር ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ ያየ ሰው ፈረስ ለዚህ ሕዝብ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ሌላው ፈረስ ደግሞ ማንም በዓል አያከብርለትም፤ በየከተማው አሸዋ፣ እህልና ሰው በጋሪ ሲያመላልስ የሚውለው ነው። የዚህ ፈረስ ሞት ባለጋሪው ቤት ውስጥ የዚያኑ ዕለት ይታወቃል፤ የነገ ገቢ የለም ማለት ነው።

ክትባት አለን። የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም ቢሾፍቱ ውስጥ ነው ያለው፤ የአፍሪካ ኅብረት ለአህጉሩ የእንስሳት ክትባቶችን ጥራት የሚመረምርበት ፓንቫክ የተባለው ማዕከልም እዚያው ቢሾፍቱ ነው። ይህ ሊያኮራን ይገባል። ለፈረስ በሽታ አገር ውስጥ ሲመረት የኖረው ክትባት በዓይነት 9 ላይ የተመሠረተ ነው። ምርጫው ምክንያት አለው፤ ዓይነት 9 በዚህ የአፍሪካ ክፍል በብዛት የሚገኝ ነው፤ ከ1959 ጀምሮ መካከለኛው ምሥራቅንና ደቡብ እስያን አዳርሶ ከ300,000 በላይ የጋማ ከብት የፈጀውም እሱ ነበር። ሆኖም ተመራማሪዎች በአገራችን ከታመሙ ፈረሶች የወሰዱትን ናሙና ሲመረምሩ ከዓይነት 9 ሌላ ዓይነት 6 እና ዓይነት 2ን የመሳሰሉ ሌሎችንም አግኝተዋል። ስለዚህ የተከተበ ፈረስ ሲሞት «ክትባቱ ውኃ ነው» ብሎ መደምደም ስሕተት ሊሆን ይችላል። ክትባቱ የሚያውቀውን በደንብ ጠብቆ ይሆናል፤ የገደለው የማያውቀው ይሆናል። በእኔ እምነት መፍትሔው ክትባቱን መጠራጠር ሳይሆን የትኛው ዓይነት የት እንደሚዞር በየዓመቱ እየመረመሩ ክትባቱን በዚያ ልክ ማስፋት ነው።

ክትባቱ በእውነት ውኃ የሚሆንበት መንገድም አለ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው በቅዝቃዜ የደረቀ፣ ከታች የተጋገረ ነጭ ነገር ነው፤ ከመስጠት በፊት በተዘጋጀለት ፈሳሽ ይበጠበጣል። ሕያው ስለሆነ ሙቀት ይገድለዋል፤ እስኪበጠበጥ ድረስ በማቀዝቀዣ፣ መንገድ ላይ በበረዶ ሳጥን መቀመጥ አለበት፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ፀሐይ ላይ የዋለ ብልቃጥ ሲያዩት ምንም አይለይም። ስለዚህ ከታቢው ሲመጣ ሳጥኑ ውስጥ በረዶ መኖሩን አይቶ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው፤ ጥሩ ባለሙያ አይቆጣም፣ ደስ ይለዋል።

ስለ ውርንጭላ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነቃል። የሰው ሕፃን ከእናቱ ማኅፀን ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ይወለዳል፤ ውርንጭላ ግን ያለ ምንም ጥበቃ ነው የሚወለደው። ጥበቃውን የሚያገኘው ከባዝራዋ እንገር ነው፤ ያውም በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከጠባ። አንድ ቀን ካለፈ በኋላ አንጀቱ እነዚያን አካላት ወደ ደም ማሳለፉን ያቆማል። ስለዚህ ባዝራዋ የተከተበች ከሆነች እንገሯ ለውርንጭላው የመጀመሪያ ክትባቱ ነው። ይኸው ጥበቃ ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ከእናት የመጣው ፀረ እንግዳ አካል ደሙ ውስጥ ሳለ ክትባት ቢሰጠው ክትባቱን ያጠፋበታል፤ ሰውነቱም ሳይማር ይቀራል። ውርንጭላ ወደ 6 ወር ገደማ እስኪሆነው የሚጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈረስ ላላችሁ፣ ወይም ዘመድ ጎረቤታችሁ ፈረስ ላለው፣ እንዲህ እላለሁ። ክትባቱን ክረምቱ ከማለፉ በፊት አስከትቡ፤ ሰውነቱ እስኪማር ሳምንታት ይፈልጋልና በሽታው ሰፈር ከገባ በኋላ መሯሯጥ ይዘገያል። ከተከተበ በኋላ ባሉት ቀናት ከባድ ጭነት አታስጎትቱት። ፀሐይ ሳትጠልቅ በረት አስገቡት። ሲከተብም ለየትኛው በሽታና ለየትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ቀኑንም ጭምር ጽፋችሁ ያዙ። ፈረስ ትኩሳት ይዞት ካያችሁ ወዲያው ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ንገሩ፤ በድንገት ከሞተም ከመቅበራችሁ በፊት ጥሩትና ናሙና ይውሰድ። ቢሾፍቱ ላይ የሚሠራው ቀጣዩ ክትባት የትኛውን ዓይነት መያዝ እንዳለበት የሚታወቀው ከዚያች ናሙና ነው።